ከደብዳቤው የወደቀው ረቂቅ

የሕግ ረቂቆች ኃላፊው ሽማግሌ፣ ሚስተር ኦርቼት፣ ምድጃው ሥር ተደፍተው ሞተው ተገኙ። ግንባራቸው በምድጃው ብረት ተፈንክቷል። ኢንስፔክተር ጆሳያ ትዌይት ምክር ቤቱ ሲደርስ ረፋድ አምስት ሰዓት ነበር። ጉባኤው በንግሥቲቱ ትእዛዝ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ በፊት ያልጸደቀ ረቂቅ ሞተ ማለት ነው።

ትዌይት ይህን ቀን ሲጠብቅ ከርሟል። የእኅቱን የማርታን ትልቋን ልጅ የክብሪት ፋብሪካው መርዝ በጥርስ ሕመም ጀምሮ መንጋጋዋን በልቶ አምና ቀብረዋታል። ታናሿ ኔሊም እዚያው ሥራ ገብታለች። መርዙን የሚከለክለው ረቂቅ ሁለቱንም ምክር ቤቶች አልፎ የቀረው የንግሥቲቱ ይሁንታ ብቻ ነው።

«ጧት ማን ማን ገባ?» ብሎ በር ጠባቂውን በንስን ጠየቀው።

«ሎርድ ሃርብሮና ጽሑፍ ገልባጩ ሚስተር ሲለንስ ብቻ፣ ጌታዬ።»

«ሃርብሮ? የክብሪት ፋብሪካው ባለቤት?»

«ራሳቸው! እኔ ግን ምንም አላልኩም፤ የልጆች አባት ነኝ።»

የትዌይት ደም ፈላ። ሎርዱ ግን ቀይ ካባቸውን እንደለበሱ ዓይን ዓይኑን አዩት።

«ረቂቁን ተቃውሜ ተሟግቼ ተሸንፌያለሁ። ሽማግሌ ገድዬ ምን ላተርፍ?»

ሲለንስ ደግሞ «ደኅና ነበሩ ስለያቸው፤ ደግ ሰው!» ብሎ ተንሰቀሰቀ።

ትዌይት ጠረጴዛው ላይ ያሉትን፣ ረቂቆቹ የተጻፉባቸውን ብራናዎች ቆጠረ፤ ንግሥቲቱ የፈቀዷቸው ረቂቆች ተዘርዝረው የፈረሙበትን ደብዳቤ አነበበ፤ ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ ሦስቱንም ሰዎች ሰበሰባቸው።

«ሎርዱ ለረቂቁ ብለው ቢገድሉ ብራናውን ይዘውት ይጠፉ ነበር። ብራናው ግን ይኸው። ብራናው አሥራ አራት፣ በደብዳቤው የተዘረዘረው ስም አሥራ ሦስት! የክብሪቱ የለም።»

«ወይ ጉድ!» አለ በንስ።

«ደብዳቤው ተፈርሞ የመጣው ትናንት ነው፤ ስለዚህ ስሙ የወደቀው ዝርዝሩ ለፊርማ እዚህ ሲገለበጥ ነው። ኦርቼት ዛሬ እንደ ልማዳቸው ሲያመሳክሩ ደረሱበት። ይህ ማንን ያስፈራል? ገልባጩን። ስንት ተቀበልክ፣ ሲለንስ?»

«ምንም!» ሲለንስ ተንበረከከ። «ሁለት የፋብሪካ ረቂቆች ተከታትለው ነበር፤ ዓይኔ አንዱን ዘለለው። ሃያ ሁለት ዓመት ተሳስቼ አላውቅም! ‹ለቤተ መንግሥት ቴሌግራም እንላክ፣ የጉባኤውን መዝጊያ ሰዓት ይግፉልን› አሉ ሚስተር ኦርቼት። ስሜ ሊጠፋ ነው ብዬ እጃቸውን ያዝኩ፤ ታገሉኝ፤ ገፋኋቸው።»

«በስንት ሰዓት?»

«በሦስት።»

«ያኔ ቢላክ ቴሌግራሙ በጊዜ ይደርስ ነበር?»

«ይደርስ ነበር» አለ ሲለንስ፣ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ።

በንስ ብዕር አነሳ። «ታዲያ አሁን ስሙን ብንጨምርበትስ?»

«ንግሥቲቱ ከፈረሙ በኋላ የገባ ቃል ሕግ አይሆንም» አሉ ሎርዱ። ደስታ አልታየባቸውም። ስድስት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ትዌይት ከአዳራሹ በር ቆመ። ስም ሲነበብ ሎርዶቹ ባርኔጣቸውን ያነሳሉ፤ ጸሐፊው በጥንቱ ፈረንሳይኛ «ንግሥቲቱ ፈቅደዋል» ይላል። አሥራ ሦስት ጊዜ ተባለ፤ ጉባኤው ተዘጋ። ገዳዩን ይዟል፤ ምን ያደርግለታል?

ማርታ ደጅ ቆማ ጠበቀችው።

«ሕጉ ወጣ?»

«አልወጣም። ለከርሞ ከሀ ይጀመራል።»

ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

«ኔሊን ከነገ ጀምሮ አስቀሪያት፣ ማርታ።»

«ዘግይተሃል ወንድሜ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከትናንት ጀምሮ ጥርሴን አመመኝ ትላለች።»