ለብሬና የተሰጣት ጥቁር ካርድ

«ጎበዝ! ትወናሽስ ለጉድ ነው!» አላት የእሳት አደጋ ሠራተኛው፤ እጅጌውን ከእጇ አስለቅቆ መንገዱን ቀጠለ።

ኮሪን ግን እየተወነች አልነበረም። «ጓደኛዬ መተንፈስ አቅቷታል! የእውነት ነው!» ብላ ነበር የጮኸችው። ሰውየው ደግሞ ምን ያድርግ? በስታዲየሙ ሣር ላይ የተጋደመው ሁሉ «መተንፈስ አቃተኝ!» ነው የሚለው። እንዲጮኹ ታዘዋል። አሸባሪዎች በኳስ ጨዋታ መሀል መርዛማ ጋዝ ለቀቁ ተብሎ ከተማው በሙሉ የሚለማመድበት ቅዳሜ ነበር። ጋዙ የመድረክ ጭስ፣ ደሙ ቀለም፣ ቁስሉ ሰም። ተጎጂዎቹ ደግሞ ለአንድ ቲሸርትና ለሁለት ቁራሽ ፒዛ ብለው የመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው።

የብሬና ሳል ግን የውሸት አልነበረም። ከተጋደመችበት ተነሥታ ተቀምጣለች፤ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። እሱንም ያዩት ሰዎች የሜካፕ ባለሙያዋን አደነቁ። አንገቷ ላይ ጥቁር ካርድ ተንጠልጥሏል። ቀይ ካርድ ላንጠለጠለ ይጣደፉለታል፤ አረንጓዴ የያዘ በእግሩ ይሄዳል፤ ጥቁር ማለት ግን «ሞታለች፣ ጊዜ አታጥፉባት» ማለት ነው። አዳኞቹ እንደተማሩት አለፏት። አንዱማ ጎንበስ ብሎ «አንቺ ልጅ፣ ሬሳ አይስልም እኮ!» ብሎ ቀለደባት።

ካርዱን የሰጠቻት የኮሪን እናት ሊን ናት። ሊን በከተማው የአደጋ ጊዜ ቢሮ ትሠራለች፤ ይህን ልምምድ ያቀደችው እሷ ናት። ዓመቱን ሙሉ እራት ላይ የሚወራው ስለዚሁ ቀን ብቻ ነበር። ጠዋት ኮሪን «እማ፣ ብሬና አስም አለባት እኮ» ስትላት፣ እናቷ ብዙም አላሰበችበትም።

«በቃ ሬሳ አደርጋታለሁ። ሬሳ አይሮጥም፣ መርዙ ከሰውነቱ ይልቀቅ ተብሎም በቀዝቃዛ ውኃ አይታጠብም። ተኝታ ትውላለች።»

«ከሞትኩ አይቀር በምቾት!» ብላ ሳቀች ብሬና። የአስም መድኃኒት መርጫዋ ከስልኳ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ ቦርሳ ይዞ ሜዳ መግባት ክልክል ስለሆነ አውቶቡሱ ላይ ቀረ። ስለ ጭሱ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

እንዲህ ያለ ልምምድ ሁልጊዜ አንድ የተለየ ቃል አለው። ተጎጂ ሆኖ የሚተውን ሁሉ «የእውነት ነው» እያለ ስለሚጮህ፣ የምር ጉዳት ሲደርስ የሚነገረው ከጨዋታው ጋር የማይገናኝ ቃል ነው። የዚያን ቀኑ «ነጭ ድልድይ» ነበር። ያ ቃል ከተሰማ ሁሉ ነገር ቀጥ ይላል፤ ካልተሰማ ግን ማንም አይቆምም። ኮሪን «እርዱን» አለች፣ «በእናታችሁ» አለች፣ አለቀሰች። ያንን ቃል ግን አታውቀውም። የተማሪዎቹ አውቶቡስ ዘግይቶ ስለደረሰ ሊን ሰዓቷን አይታ «ገለጻው ይቅር፣ መተኛትና መጮህ ብቻ ነው፤ ግቡ!» ብላ አስገብታቸዋለች።

በመጨረሻ ሬሳ ልታነሣ የመጣች አንዲት የአምቡላንስ ነርስ የብሬናን እጅ ነካች። ወዲያው ፊቷ ተለዋወጠና «ነጭ ድልድይ!» ብላ ጮኸች። ሜዳው በሙሉ ጸጥ አለ። ብሬና ያኔ ራሷን ስታ ነበር።

ከሰዓት በኋላ፣ ብሬና ሆስፒታል ውስጥ በጉሮሮዋ ቱቦ ገብቶላት ተኝታ ሳለ፣ የልምምዱ ሰዎች የስታዲየሙ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰቡ። ወደ ቤት ከመሄድ በፊት ተቀምጦ የተሳካውንና የተበላሸውን መነጋገር ልማዳቸው ነው። ሊን ልጇን ከበሩ ውጪ ጎተት አደረገቻት።

«ኮሪ፣ ስሚኝ። ከጠየቁሽ ቃሉ ተነግሮናል፣ ደንግጠን ረሳነው በያቸው። በቃ።»

«አልተነገረንም እኮ! አንቺ ራስሽ ነሽ የዘለልሽው!»

«ቀስ በይ! ሰው ይሰማል!»

«ይስማ!»

«ሥራዬን እንዳጣ ነው የምትፈልጊው? አባትሽ ጥሎን ከሄደ ወዲህ ይህን ቤት ማን ይዞት ቆመ?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ብሬና ወጣት ናት፣ ትድናለች። እኔ ግን ከወደቅሁ አልነሣም፣ የኔ ልጅ።»

ኮሪን እናቷን እንዲህ ሆና አይታት አታውቅም። አንጀቷን በላቻት፤ ደግሞም ጠላቻት፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ። ወደ አዳራሹ ገብታ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

የእሳት አደጋ አዛዡ ኦርቴጋ ስብሰባውን ሲከፍቱ «እዚህ ክፍል ውስጥ ማንም አይወቀስም፤ ለመማር ነው የመጣነው» አሉ። ጥሩ አባባል ነው። ከዚያ ፖሊሶቹ የሬዲዮ ግንኙነቱ እንደተሳካ ተናገሩ፤ የሆስፒታሉ ሰዎች የመርዝ ማጠቢያው ፈጣን ነበር አሉ፤ ተጨበጨበ። ስለ ብሬና ለመናገር ግን ሁሉም ጉሮሮውን ይጠራርግ ጀመር። በመጨረሻ ሆልኮም የሚባል የሊን የሥራ ባልደረባ ተነሣ።

«ያው ስለ ልጅቷ ሁላችንም አዝነናል። ነገር ግን እንደሰማሁት ሕመሟን ደብቃ ነው የገባችው። ልጆች ናቸው፤ ቃሉንም ቢሆን በወጉ አላዳመጡም መሰለኝ።»

አንዳንዶች በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። እፎይ ያሉ ይመስሉ ነበር። ኮሪን እናቷን አየቻት። «ኧረ እኔ አውቅ ነበር» ትላለች ብላ ጠበቀች። ሊን ጠረጴዛውን እያየች ዝም አለች።

አይ! ማንም አይወቀስም ማለት ለካ እዚህ ከሌለችው በቀር ነው። ኮሪን ደሟ ፈላ። እጇን አወጣች፤ ደግሞ ሳይፈቀድላት ተነሥታ ቆመች።

«አልደበቀችም። ጠዋት ተናግረናል። ቃሉንም የነገረን ሰው የለም። ብናውቀው ኖሮ እየጮህኩ ስለምናችሁ እሱን እል ነበር።»

አዛዡ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ለማን ነው የተናገራችሁት? ቃሉንስ ሊነግራችሁ የሚገባው ማን ነበር?»

ሊን ቀና አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ጭንቅላቷን በጣም ትንሽ፣ ሌላ ሰው በማያየው መጠን፣ ወደ ግራና ቀኝ አወዛወዘች። ኮሪን ከፊቷ ያለውን ወንበር ያዘች። አዛዡ የሁለቱን መተያየት አስተውለው ይሁን ወይ ልጅ ስለሆነች ብቻ አዝነውላት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ካላወቅሽ አላውቅም ማለት ትችያለሽ፣ የኔ ልጅ። ማንም አያስገድድሽም።»

«አውቃለሁ» አለች ኮሪን። «እናቴ ናት።»