ከነጩ ጋውን ሥር ጥቁሩ ብቅ!

መርዶው የመጣው በማለዳ ነበር። «ኳ! ኳ! ኳ!» በሩ ተንኳኳ።

ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። የሰብለ አባት፣ ሾፌሩ ሞገስ፣ ሩቅ አገር ታሞ ሞቶ ነበር።

አምስት ዓመት የሆናት ሰብለ አለቀሰች። እናቷ ዘርፌም እሷን አቅፋ አለቀሰች።

በዚያው ቀን ዘርፌ ጥቁር ቀሚስ ለበሰች። «ዓመት እስኪሞላ አላወልቀውም። ለአባትሽ ነው» አለች።

ዘርፌ ነርስ ለመሆን ትማር ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች።

አንድ ቀን አዲስ ነጭ ጋውን ይዛ መጣች። «ነገ ሆስፒታል ገብተን በሽተኛ መንከባከብ እንለማመዳለን!»

በማግስቱ ነጩን ጋውን ከጥቁሩ ቀሚስ ላይ ደረበችው። ሰብለ ዞራ ዞራ አየቻት።

«እማዬ! ከአንገት ጥቁሩ ብቅ! ከእጅጌ ጥቁሩ ብቅ! ከታች ጥቁሩ ብቅ!»

ዘርፌ አንገቱን በመርፌ ቁልፍ ያዘችው። ጥቁሩ ብቅ! እጅጌውን ጠቀለለችው። ጥቁሩ ብቅ!

«ግድ የለም» ብላ ወጣች።

ቀትር ሳይሆን ተመለሰች። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«እማዬ፣ ምነው ቶሎ መጣሽ?»

«አስተማሪያችን ሲስተር የሺመቤት ከበር መለሱኝ። ‹ረጅም እጅጌ ከበሽተኛ ወደ በሽተኛ ጀርም ያዞራል። ነጭ ሲቆሽሽ ቶሎ ይታያል፣ ቶሎ ይታጠባል። ነገም እንዲህ ከመጣሽ አትገቢም› አሉኝ።»

ጎረቤታቸው እትዬ አስካለ ይህን ሰሙ። «ጥቁርሽን አውልቀሽማ አትሄጂም! ሰው ምን ይላል?»

«ሰውስ ያለውን ይበል፣ እትዬ። ሞገስ የረሳሁት እንዳይመስለው ነው የምፈራው።»

ሰብለ ፈራች። እማዬ ካልገባች ነርስ አትሆንም!

ከእናቷ ቦርሳ አንድ ወረቀት ወጥቶ አየች። «ይሄስ ምንድን ነው?»

«የአለባበስ ሕጉ ነው።»

«አንብቢልኝ።»

«ጋውን፣ ነጭ፣ የተተኮሰ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ፀጉር፣ የተጠቀለለ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ጥፍር፣ አጭር፣ ቀለም ያልተቀባ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ጫማ፣ ሽፍን፣ ድምፅ የማያሰማ፣ ጥቁር።»

ሰብለ ከመቀመጫዋ ዘለለች። «ጥቁር! እማዬ፣ ጥቁርም አለበት! የአባባን ጥቁር እግርሽ ላይ አድርጊው!»

እትዬ አስካለ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «በስመ አብ! ሐዘን እግር ላይ?»

ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረጉ። «ደግሞስ እግር የሰው አይደለም እንዴ? ይሂድላት!»

ዘርፌ ሳቀች። ከመርዶው ወዲህ ስትስቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሰብለ ቀለምና ብሩሽ አመጣች። ሸር! ሸር! ሸር! ጥቁሩ ጫማ አበራ። የሰብለም አፍንጫ ጠቆረ።

ሲነጋ ዘርፌ ነጩን ጋውን ብቻውን ለበሰች። ሰብለ ዞራ ዞራ አየቻት።

«ከአንገት ጥቁሩ?» «የለም!»

«ከእጅጌ ጥቁሩ?» «የለም!»

«ከታችስ?» «አለ! ጫማው!»

ዘርፌ ሄደች። ሰብለ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ መንገድ መንገዱን አየች።

ቀትር ሆነ። ዘርፌ አልተመለሰችም።

«ገብታለች ማለት ነው! እፎይ!» አለች ሰብለ።

«እፎይ!» አሉ እትዬ አስካለም ከማዶ።

ማታ ዘርፌ መጣች። ጋውኑን አጥባ አሰጣች፣ ጥቁር ቀሚሷን መልሳ ለበሰች።

«የአንድ ሽማግሌ ትኩሳት ለካሁ። ‹እጅሽ ሲቀዘቅዝ ደስ ይላል፣ የኔ ልጅ› አሉኝ።»

ሰብለ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገባች። «አባባ ተከፋ?»

«አልተከፋም፣ ሆዴ። በይ ስሙን ጠርተንለት እንተኛ።»

ስሙን ጠሩለት። ተቃቅፈውም ተኙ።

እናንተም ልጆች፣ ዓይናችሁን ከመክደናችሁ በፊት፣ «እግዚአብሔር የሾፌሩን የሞገስን ነፍስ ይማር» በሉለት።