ስልኩን ተይው፣ ውጪ

የምነግራችሁ ነገር በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። አንድም ቃል አልጨመርኩበትም... ማመን አለማመን የእናንተ ነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ የደንበኛ ቀሚስ እየሰፋሁ ነው። ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች።

በሩ ተንኳኳ።

የስፌት መኪናውን አቆምኩ።

ከሁለት ዓመት በፊት "ቆጣሪ አንባቢ ነን" ብለው ያስከፈቱኝ ሰዎች አፌን አፍነው ቤቴን ዘርፈውኛል። ከዚያ ወዲህ በር ሲንኳኳ ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። እህቴ "አንቺ እኮ ጳጳስ ቢመጣም መታወቂያ ትጠይቂያለሽ" እያለች ትስቅብኛለች። በየእሁዱ ተንበርክኬ "ጌታ ሆይ፣ ይህን ፍርሃት ንቀልልኝ" እላለሁ።

አልተነቀለም።

እንደገና ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ... በቀስታ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ... ክፈቺ።"

ድምፁን አወቅሁት። ከእኔ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩት፣ እትዬ የምላቸው ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። እፎይ ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ።

ግን... እትዬ "ልጄ" ሳይሉ ጠርተውኝ አያውቁም።

ደግሞ ደረጃ ሲወርዱ የምርኩዛቸው ኳኳታ ለጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ዛሬ ኮሽታ እንኳ አልነበረም።

በበሩ ቀዳዳ አጮለቅሁ።

ኮሪደሩ ባዶ ነው።

እያየሁ... ዓይኔን ሳልነቅል... በሩ ተንኳኳ።

ወደ ኋላ ሸሸሁ። አስመሳይ ነው! ጎንበስ ብሎ ተደብቋል አልኩ። ስልኬን አንስቼ ለአስተማሪዋ ደወልኩ።

ጥሪው ከላይ፣ በጣሪያዬ በኩል ይሰማኛል። ስልኩ ቤታቸው ነው። የሚያነሳው ግን የለም።

"ስልኩን ተይው" አለ ድምፁ በሹክሹክታ። "ውጪ።"

መደወሌን በምን አወቀ?

ያን ጊዜ ከላይ አንድ ነገር ወለሉን ቧጨረ። ደከም ያለ... የጥፍር ድምፅ።

እትዬ ወድቀው ቢሆንስ? ወጥመድ ቢሆንስ?

"ጌታዬ" አልኩ፣ "ፈርቻለሁ። ፍርሃቴን ካልወሰድክልኝ እንግዲህ... አብረኸኝ ውጣ።"

ፍርሃቱ ንቅንቅ አላለም። እጄ ግን መቀርቀሪያውን ሳበ።

ማንም የለም።

መቀሴን ጨብጬ፣ የጌታን ስም እየጠራሁ ደረጃውን ወጣሁ። የእትዬ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። እሳቸው ማዕድ ቤት ወለል ላይ ተዘርረዋል... አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፣ በደህናው እጃቸው ወለሉን ይቧጭራሉ።

መቀሱን ጥዬ ጮህኩ። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አምቡላንስ መጣ።

"ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ አናተርፋቸውም ነበር" አለኝ ሐኪሙ። "ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሷል። መናገር ያቃታቸው ከጠዋት ጀምሮ ይመስለኛል።"

ታዲያ ማነው የጠራኝ?

ለማንም አልተናገርኩም። አሁንም በር ሲንኳኳ ልቤ ይመታል... ግን እጸልያለሁ፣ ማነው ብዬ እጠይቃለሁ፣ እከፍታለሁ።

በአሥረኛው ቀን የእትዬ አንደበት ትንሽ ተፈታ። ሆስፒታል፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጭማቂ እያጠጣኋቸው ነበር።

"ልጄ..."

"አይድከሙ እትዬ።"

"ቀድሞሽ የገባው... ማነው?"

"ማን? ብቻዬን ነበርኩ እኮ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "በሬን ከውስጥ ቆልፌው ነበር... እሱ ነው የከፈተልሽ።"

ዓይናቸውን ከኋላዬ ወዳለው ወንበር ወሰዱና ፈገግ አሉ።

ቀስ ብዬ ዞርኩ። ወንበሩ ላይ ማንም የለም።

የስፖንጅ መቀመጫው ግን፣ ሰው አሁን ገና ብድግ ያለበት ይመስል ሰርጉዶ... ቀስ በቀስ ወደ ቦታው እየተመለሰ ነበር።