ካሜራው የዋጠው ካሴት

የመጨረሻዋ ብሎን አልፈታ አለች። ልጅቷ ካሜራውን በጉልበቶቿ መሃል አጣብቃ፣ ካቻቪቴውን በሁለት እጇ ይዛ ደግማ ሞከረች። ካቻቪቴው ተንሸራተተና አውራ ጣቷን ጫራት። ጣቷን መጠጥ አድርጋ «ወይ አንቺ ወይ እኔ» አለቻት ብሎኗን።

እሷም ቤት ውስጥ የምትጠራው «ብሎን» እየተባለች ነው። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው፤ የፈታችውን ነገር መልሳ ስትገጥም ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፋታል። የግድግዳው ሰዓትም፣ የፀጉር ማድረቂያውም፣ የጎረቤት ሬዲዮም አንድ አንድ ብሎን ጎድሏቸው ነው የሚሠሩት። ሬዲዮው እንዲያውም ከዚያ ወዲህ የሚይዘው አንድ ጣቢያ ብቻ ነው። ደግነቱ ጎረቤቲቱ ጣቢያውን ስለምትወደው አልተቀየመችም።

ይሄኛው ግን እንደዚያ በቀልድ የሚታለፍ አልነበረም። ካሜራው አባቷ ድሮ ሠርግ የሚቀርጽበት፣ በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ትንሽ ካሴት የሚጎርስ ዓይነት ነው። ብሎን የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች ካሴት እንደ ጎረሰ ተበላሸ፤ አሁን አሥራ አራት ሞልቷታል። ካሜራው ውስጥ በቀረው ካሴት ላይ ደግሞ የእናቷ ድምፅ አለ።

እናቷ አስተማሪ ነበረች። ጉሮሮዋን ቀዶ ጥገና ልትደረግ ስትል ሐኪሙ ድምፅሽ ላይመለስ ይችላል ብሎ እቅጩን ነገራት። እሷም ሐኪም ቤት ከመግባቷ በፊት አባትየውን ቅረጸኝ አለችው፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ለልጇ አወራች። ሐኪሙ የፈራው አልቀረም። አሁን የምትናገረው በሹክሹክታ ነው፤ ያም ቢሆን ጆሮን አፏ ድረስ ካላስጠጉ አይሰማም። ልጇን ከሌላ ክፍል ስትፈልጋት ታጨበጭባለች። አንዴ ከሆነ «ነይ» ማለት ነው፣ ሁለቴ ከሆነ «ተይ»። ከክፍል ወጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ስትዛወር የብሎን አባት፣ በዓለም ላይ «ዝም በሉ» ብላ የማታውቅ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አንቺ ብቻ ነሽ ብሎ ቀልዶባት ነበር።

ነገሩን የቀሰቀሰው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ባለፈው ሳምንት እናትና ልጅ ሲሳፈሩ ሹፌሩ ከመቀመጫው ተነሥቶ «መምህር!» ብሎ እናቷን እጅ ነሣት። ተማሪዋ ነበር። ተሳፋሪው እየተቁነጠነጠ እሱ ወሬውን ቀጠለ፤ እስከ ዛሬ ስንፍና ሲይዘው ድምፅዋ ጆሮው ላይ እንደሚያቃጭልበት ነገራት። እናቷ ፈገግ ብላ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። ብሎን ግን እስኪወርዱ ድረስ በመስኮት ውጪ ውጪውን አየች። ቀንታ ነበር። የማታውቀው ሰው የእናቷን ድምፅ በጆሮው ይዞ ከተማውን ሲዞርበት ይውላል፤ እሷ ልጇ ሆና አታስታውሰውም።

የዚያን ዕለት ራት ላይ ካሜራውን እንጠግነው ብላ አባቷን ጠየቀችው። መልሱ ለዓመታት የሰማችው ነው፦ እጅሽን ሰብስቢ፣ ከተነካ ይበጠሳል። ደግማ ስትጠይቀው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በማግስቱ ካሜራውን በደብተር ቦርሳዋ ደብቃ ሰፈር ውስጥ ወዳለው ጠጋኝ ወሰደችው። ሰውየውን ሰፈሩ «ጭስ» ይለዋል፤ የነካው ዕቃ ሳይጨስ ስለማይቀር ነው። ጭስ በቀዳዳው አጮልቆ አየና ቀላል ነው አለ፤ ቴፑን በመቀስ ቆርጦ ማውጣት ነው፣ ከዚያ ካሜራው ይድናል። ብሎን ካሜራዋን ከእጁ ነጥቃ ወጣች። ከእጅ አይሻል ዶማ።

ስለዚህ ዛሬ፣ ቅዳሜ፣ አባቷ ሠርግ ሊቀርጽ ሲወጣ መሬት ላይ አሮጌ አንሶላ ዘርግታ ተቀመጠች። ስልኳ ላይ በማታውቀው ቋንቋ የሚያወራ ሰው የዚህኑ ካሜራ ወንድም ይፈታል። ወሬው ባይገባትም እጁ ይገባታል።

ብሎኗ ጭጭ ብላ ቆይታ በመጨረሻ ተሸነፈች። ብሎን ክዳኑን ስታነሣ ከኋላዋ ጥላ አረፈባት። እናቷ በሩ ላይ ቆማለች። ልጅቷ ካቻቪቴውን እንደያዘች ሁለቱን ጭብጨባ ጠበቀች። እናቷ አላጨበጨበችም። የተበታተኑትን ብሎኖች አየች፣ ካሜራውን አየች፣ ሄደችና አንድ ድፍን የልብስ ሳሙና ይዛ ተመለሰች። አጎንብሳ አንዷን ብሎን ሳሙናው ላይ ሰካቻት፤ ቀጥላ ሁለተኛዋን ከጎኗ። በወጡበት ተራ ስኪያቸው ማለቷ ነው። ከዚያ የልጇን ጆሮ ወደ አፏ አስጠጋች።

«እንዳትቸኩዪ።»

ብሎን አልቸኮለችም። የካሜራው ሆድ ውስጥ ጥቃቅን ማርሾች ተደርድረዋል፤ እንዲያለሰልሳቸው የተቀባው ግራሶ በዓመታት ብዛት ደርቆ እንደ ሙጫ ይዟቸዋል። በሽታው እዚህ ነበር። ጥጥ በአልኮል እያራሰች ከእያንዳንዱ ማርሽ ጥርስ መሃል ቡናማውን እድፍ ታወጣ ጀመር። አንዱን አጽድታ ወደ ሌላው ስትሄድ የፊተኛው ላይ የጥጥ ፀጉር ቀርቶ ታገኛለች፤ እሱን በወረንጦ ለቅማ እንደገና ትጀምራለች። ወገቧ ተቆረጠ። የሰኞው ፈተና ትዝ ሲላት «ከሰዓት» አለች ለራሷ፤ ከሰዓት ሲደርስ ደግሞ «ነገ» አለች።

የከፋው ቴፑ ነበር። እንደ ሐር ክር የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ሪባን ከካሴቱ ወጥቶ አንዲት ዘንግ ላይ ተጠምጥሟል። ቢጎተት መበጠሱ ነው። የጭስ መቀስ ውል አላት፤ አንድ ቁርጥ ብቻ፣ ከዚያ እፎይ። መቀሱ እኮ እዚያው አንሶላው ላይ ነበር። በእግሯ ገፍታ አልጋ ሥር ሰደደችውና ዘንጓን በወረንጦ ጫፍ ወደ ኋላ ማዞር ጀመረች። ዘንጓ ትንሽ ትዞራለች፣ ቴፑ ትንሽ ይላላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? የብሎን እንቁላል ገና ዳዴ እያለ ነው።

የመጨረሻው ጥምጥም ሲለቅ ካሴቱ ራሱ ብቅ አለ። ብሎን በደስታ ወደ ብርሃን አነሣችው። ላዩ ላይ በእናቷ የጥቁር ሰሌዳ ጽሕፈት «ለልጄ» ይላል። ካሴቱን ገልብጣ ጀርባውን ስታይ ግን ደስታዋ ቀዘቀዘ።

የእነዚህ ካሴቶች ጀርባ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለች። እሷ ከተሰበረች ካሜራው በላዩ ላይ አልቀዳም ይላል፤ ያለው ቅጂ እንዲቀመጥ የፈለገ ሰው ጥርሷን ይሰብራታል። እናቷ ሰብራታለች። ስባሪው ላይ ግን ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበታል። ፕላስተር ከተለጠፈ ካሜራው ይታለልና ይቀዳል። ይህን መላ የሚሠራው ሰው በዚህ ቤት አንድ ብቻ ነው። አባቷ ካሴት ሲያልቅበት የድሮዎቹን በፕላስተር እየደፈነ ይቀዳባቸው ነበር፤ የብሎን የመጀመሪያ ልደት እንኳ የማን እንደሆነ በማይታወቅ ሠርግ ሥር ተቀብሮ ቀርቷል። በዚያ ሁሉም ይስቃሉ። በዚህ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። አባቷ ያን ሁሉ ዓመት «ይበጠሳል» ያለው ለምን እንደሆነ ገባት።

ካሜራውን ገጣጠመችው። ሶኬት ላይ ሰካችው፤ አረንጓዴዋ መብራት በራች፣ ማርሾቹ ዚ... ብለው የካሴቱን በር ከፈቱ። እናቷ ማዕድ ቤት ናት። ካሴቱን ከትታ፣ ጆሮ ማዳመጫ ሰክታ፣ ብቻዋን ማየት ትችላለች። ድምፁ ከሌለ ማንም ሳያውቅ መልሳ ትዘጋዋለች፤ ሆድ ይፍጀው ትላለች፣ እንደ አባቷ። አውራ ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆየ። አልተጫነችውም። እንደ አባቷ መሆን አልፈለገችም።

አባቷ የሠርግ ቦርሳውን እንደተሸከመ ገባ። አንሶላው ላይ ያለውን ሲያይ ቦርሳውን ማውረድ ረሳ። ብሎን ካሴቱን ገልብጣ ፕላስተሩን አሳየችው። ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ቀስ ብሎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሁሉንም ነገራት። እናቷ ገና ሐኪም ቤት ተኝታ ሳለች ነው። ለሠርግ ሲጣደፍ ከመሳቢያው ካሴት አፈሰ፣ እጁ እንደለመደው ስባሪ ያየበትን ሁሉ ፕላስተር ለጠፈ፣ ጽሑፍ አላነበበም። ካሜራው ሠርጉ መሃል ቆመ። ቤት ገብቶ መሳቢያው ውስጥ «ለልጄ» የሚለውን ሲያጣ ነው የሠራውን ያወቀው። እናትየው ስትጠይቀው «ላስቀምጠው ወደ ኋላ ሳጠነጥነው ካሜራው ያዘው» አላት። ያን ጊዜ ድምፅዋ ሄዶ ነበር።

«ጠፍቶ እንደሆነስ? ተዘግቶ ሳለ ቢያንስ አለ ማለት እችል ነበር» አለ።

ብሎን በጣም ተናዳ ነበር። ደግሞም አሳዘናት። ሁለቱ ስሜቶች ሲደባለቁባት ካሴቱን አንሥታ በትንሿ መስኮት የሚታየውን የቴፕ ጥቅል አሳየችው። የተጫወተው ጥቂት ነው፤ የቀረው ብዙ ነው።

«ካሜራው ቶሎ ነው የቆመው፣ አባዬ። ባይበላሽ ኖሮ ነበር የሚጠፋው።»

አባቷ ጥቅሉን አተኩሮ አየና፣ በይ ነይ አብረን እንንገራት አላት። ራሷን ነቀነቀች።

«እኔ ካሜራውን ጠግኛለሁ። ያኛው ያንተ ነው።»

ለመነሣት ጊዜ ወሰደበት፤ ግን ተነሣ። ወደ ማዕድ ቤት ሲገባ በሩን ከኋላው ገርበብ አደረገ። ብሎን ፕላስተሩን በጥፍሯ ላጠችው፣ ጠቅልላ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ከማዕድ ቤት የአባቷ ጉርምርምታ ይሰማ ነበር፤ እሱም ቆመ። የቧንቧው ውሃ እንኳ ተዘጋ። የእናቷ ንግግር በግድግዳ አያልፍም፤ ተቆጥታ ይሁን አልቅሳ ማወቅ አይቻልም። ብሎን ብሎኖቹ የተሰኩበትን ሳሙና አቅፋ ተቀመጠች። አንዲት ብሎን ቀርታበታለች። እንደ ልማዷ።

አንድ ጭብጨባ ተሰማ። ሁለተኛ አልተከተለውም።

ሳሎን ሲገቡ እናቷ ዓይኗ ቀልቷል፤ አባቷን ቀና ብላ አላየችውም፤ ግን ሶፋው ላይ ቦታ ትታለት ነበር። ብሎን ካሜራውን ከቴሌቪዥኑ ጋር በሽቦ አገናኘችና ቴፑን እስከ መጀመሪያው መለሰችው።

መጀመሪያ የመጣው የመኪና ጡሩምባ ነው። ከዚያ አዳራሽ፣ ከዚያ ኮቱን ራሱ ላይ ጠምጥሞ የሚጨፍር ወፍራም ሚዜ። አባቷ መሬት መሬት ያያል። ሚዜው ወንበር ጠልፎት ሲወድቅ እናቷ ሳታስበው ሳቀች፣ ያለ ድምፅ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። ሥዕሉ ተንጋደደ፣ ነጭ መስመር ሞላው።

ሥዕሉ ሲጠራ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ወጣች።

«...ዴ ካጨበጨብኩ ነይ ማለት ነው፣ እሺ የኔ ቆንጆ? ሁለቴ ከሆነ ደግሞ ተይ ነው። እስቲ እንሞክረው።»

ብሎን የጠበቀችው ቀጭንና ለስላሳ ድምፅ ነበር። ይሄኛው ወፈር ያለ፣ ጥድፍ ጥድፍ የሚል፣ መጨረሻው ላይ ሳቅ ሳቅ የሚለው ነው። ከጠበቀችው ይበልጥ ወደደችው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው ሴት እጆቿን አነሣችና አንዴ አጨበጨበች። አንዲት ትንሽ ልጅ በባዶ እግሯ እየሮጠች ወንበሩ ጋ መጣች።

ሶፋው ላይ የነበረችው ብሎንም ተነሥታ ቆማ ነበር። መቼ እንደተነሣች አላወቀችም።

እናቷ እጇን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት። ሦስቱም ቴፑ እስኪያልቅ ድረስ አዩ፤ ብሎን እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች፣ አንዲት ቃል እንዳታመልጣት ጠረጋውን እያቋረጠች። ሲያልቅ መልሳ አጫወተችው። ሠርጉ የበላው መጀመሪያ ግን አልተመለሰም። ከጭብጨባው በፊት እናቷ ምን ብላ እንደነበር ብሎን አባቷን ጠየቀችው፤ ረጅም ነበር፣ አላስታውስም አለ፤ አፍሮ ነበር።

እናቷ ግን ታስታውሳለች። ልጇን ሳብ አድርጋ ጆሮዋን ወደ አፏ አስጠጋችና ከመጀመሪያው ጀመረች። አባቷ ነገሩ ገብቶት ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ የመቅረጫውን ቀይ ነጥብ ነካና ወደ ሁለቱ ጠጋ አደረገው። ብሎን ጆሮዋን ከእናቷ አፍ ሳታርቅ እጇን ዘረጋች፣ ስልኩን ቀስ ብላ ወደ ታች አወረደችው።

«ተወው አባዬ» አለች። «ይሄን እኔ እይዘዋለሁ።»