በጉም የበራው ፓውዛ

ይግዛው ማክሰኞ ጠዋት በገዛ እግሩ ሰቆጣ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ «እሰሩኝ» ሲል፣ ኢንስፔክተር ይታየሽ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ሰውየው ጠጥቷል የሚል ነበር። ጊዜው ፍልሰታ መሆኑ ትዝ ሲላት ግን በሐሳቧ አፈረች።

«ምን አድርገህ ነው የምትታሰረው?»

«ሰው ገድዬ ይሆናል።»

«ይሆናል?»

«እኔም አላወቅሁትም፣ ኢንስፔክተር። እነሱ ግን ገድለሃል ብለው ቆርጠዋል።»

ይግዛው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሲመሻሽ፣ የአምደወርቁ ነጋዴ ደጅይጥኑ ወደ ሰቆጣ ሲመጣ ፒክአፑ ከኪዳነ ምሕረት መታጠፊያ ገደል ገብታ ሞተ። መኪናዋ ላይ ተጨማሪ መብራት ያሰረው ይግዛው ነበር። እሑድ ቀብሩ ላይ «ሽቦው ተቃጥሎ በጉም መሀል መብራት አጠፋበት» የሚል ወሬ ተነሣ፤ ሬሳው አፈር ሳይለብስ ወሬው ፍርድ ሆነ። የሟቹ ወንድሞች ጠብመንጃ ወለወሉ። አባትየው አቶ ምንዋጋው ግን «ሐሙስ ሽማግሌ ይቀመጥ» ብለው ለጊዜው ያዟቸው። ሐሙስ ካለፈ የይግዛውን ነፍስ የሚያስጥል አልነበረም።

«መብራቱን እንዴት አድርገህ ነው ያሰርከው? ለማያውቅ ሰው እንደምታስረዳ አድርገህ ንገረኝ» አለችው።

«ሁለት ዓይነት ነው። ከፊት ለፊት፣ ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ቢጫ የጉም መብራት፤ የራሱ ማብሪያ አለው፣ መሬት መሬቱን ነው የሚያሳይ። ካቢናው አናት ላይ ደግሞ ሁለት ነጭ ፓውዛ። ፓውዛውን ከረጅሙ መብራት ጋር ነው ያያያዝኩት። ረጅሙ ሲበራ አብሮ ይበራል፤ ሾፌሩ ወደ አጭር ሲመልስ አብሮ ይጠፋል። የሚመጣውን ሰው ዓይን እንዳያሳውር ብዬ ነው።»

«ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያሳስረው?»

«ጨዋው አዎ። አንዳንዱ ‹ለብቻው እሰርልኝ፣ ስፈልግ ብቻ ነው የማጠፋው› ይላል። የደጅይጥኑ ሚስት ወንድም ዓለምነህ እንዲያ ብሎኝ እምቢ አልኩት፤ ሌላ ቦታ ሄዶ አሳሰረ።»

«ፊውዙስ?»

ይግዛው እጆቹን አያቸው። «አጥብቄዋለሁ። ያጠበቅሁት ይመስለኛል። ከቅዳሜ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ያንኑ ፊውዝ በሐሳቤ ስፈታ ስገጥም ነው የማድረው። ሚስቱ እስከዳር ቀብር ላይ ‹እጅህ ይቆረጥ› አለችኝ። እውነቷን ቢሆንስ?»

ይታየሽ በሥራዋ ሐሰት የሚምል ብዙ አይታለች፤ ራሱን እንዲህ የሚጠረጥር ሰው ግን አንጀቷን በላው።

«ከመሞቱ በፊት አግኝተኸው ነበር?»

«ዓርብ ሱቄ መጣ። የመስተዋት ስባሪ አሳየኝና ‹የምንድን ነው?› አለኝ። የፓውዛ ነው አልኩት። ‹አንተ የሸጥከው ነው?› አለኝ። አይደለም አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። ስባሪውን እዚያው ጥሎልኝ ሄደ።»

ይታየሽ ሱቁ ድረስ ሄዳ ስባሪውን ከመደርደሪያው አነሣችው። ወፍራም ነው፤ ፊቱ ላይ የማር እንጀራ የመሰለ መስመር አለው፤ ጥርሱ ውስጥ ቀይ አፈር ደርቋል። የደጋው አፈር ጥቁር ነው። ቀዩ የዋግ ቆላ፣ የዝቋላ አፈር ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ በዝቋላ መንገድ አንድ ሽማግሌ ከነፍየሎቻቸው ተገጭተው ሞተዋል፤ የገጨው መኪና እስካሁን አልተገኘም። ይታየሽ ስባሪውን በመሐረብ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

*

ወደ ገደሉ የወረደችው ከሾፌሯ ከኮንስታብል እንዳለው ጋር ነው። ፒክአፗ ሁለት ቋጥኝ መሀል ተቀርቅራለች። የመብራቶቹ መስተዋት ሁሉ ረግፏል። ይታየሽ ተንበርክካ የአምፖሎቹን ሆድ አንድ በአንድ አየች።

«ምን ይገኛል ብለው ነው? እንክትክቱ ነው የወጣ» አለ እንዳለው።

«አምፖል እየበራ ሳለ ከተሰበረ፣ የጋለው ሽቦ አየር ሲነካው ይጠቁራል። ጠፍቶ ሳለ ከተሰበረ እንዳብረቀረቀ ይቀራል። ትራፊክ ሳለሁ የተማርኩት ነው። ና እየው።»

እንዳለው አጎነበሰ። የቢጫዎቹ ሽቦ ያብረቀርቃል። የፓውዛዎቹ ሽቦ ጥቁር ነው።

«ስለዚህ ፓውዛው እየበራ ነው የወደቀ። እና ማነው መብራት ጠፋበት ያለው?» አለ እንዳለው።

ይታየሽ ኮፈኑን በብረት ፈልቅቃ የቢጫውን ፊውዝ አወጣች። ደህና ነው። ጠብቆም ነበር። ይህን ለይግዛው ዛሬውኑ ልትነግረው ወደደች፤ ግን ነገሩ ገና ስላልጠራ ዋጥ አደረገችው።

የሐኪሙ ቃል ደግሞ ነበር። ደጅይጥኑ የሞተው ማጅራቱን በቀጭን ብረት ተመትቶ ነው። መሪው ደረቱ ድረስ ታጥፏል፤ ፊቱ ላይ ግን ጭረት የለም። ገደል ከኋላ መርጦ አይመታም።

*

የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ከመታጠፊያው ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ቦታ ናት። መሪጌታ ገብረ ሊባኖስን ቅጥሩ በር ላይ አገኘቻቸው።

«ቅዳሜ ሲመሽ ምን አዩ፣ መሪጌታ?»

«ሠርክ ጸሎት አብቅተን በሩን ልዘጋ ስወጣ ነው፣ ልጄ። ጉሙ እጅ አያሳይም። መኪናው ሲመጣ ጉሙ በሙሉ ነጭ ሆኖ በራ። ደጃፋችን ሲደርስ ዝቅ አደረገው፤ አናቱ ላይ ያለውም አብሮ ድርግም አለ። ሲያልፍ መልሶ አበራው። ‹ደጅይጥኑ ነው፣ በሰላም ያግባህ› ብዬ አማተብኩለት።»

«ዝቅ የሚያደርገው ስለ ምን ነው?»

«ለእመቤታችን ነዋ! የዋግ ሾፌር በደጇ ሲያልፍ መብራቱን ዝቅ፣ ሙዚቃውን ዝም ያደርጋል። ዝም ብሎ የሚያልፈው የሩቅ እንግዳ ነው።»

«ቢጫ መብራትስ አዩ?»

ካህኑ መቋሚያቸው ላይ ተደገፉ። «አላየሁም። ወትሮ ጉም ሲሆን ደጅይጥኑ በቢጫው ነበር የሚመጣ። ይኸው አሁን ገና ልብ አልኩት።»

«እንዳለፈ ነው የወደቀው?»

«የለም። በሩን ዘግቼ፣ የቅዳሜን ውዳሴ ማርያም ጀምሬ አጋምሼ ነበር፤ ያን ጊዜ ነው ከገደሉ ጓጓታውን የሰማሁት።»

ይታየሽ ወደ መታጠፊያው አየች። መኪና እዚያ ለመድረስ አንድ አባታችን ሆይ እንኳ አያስደግምም። አንድ ሰው እዚያ ቆሞ አንድ ነገር ሲሠራ ነበር ማለት ነው።

*

ልቅሶ ቤቱ አምደወርቅ ነው። የደጅይጥኑ ረዳት ደግሰው፣ ጢሙ ገና ያልጠና የደሃና ወረዳ ልጅ፣ ድንኳኑ ጥግ ላይ ሲያለቅስ አገኘችው።

«አንተ ለምን አብረኸው አልሄድክም?»

«‹ዛሬ ከዘመድ ጋር የምንነጋገረው አለ፣ አንተ ገብሱን ጠብቅ› አለኝ። ከገብሱ ነጋዴዎች ጋር እስኪመሽ እዚሁ ነበርኩ፤ ይጠይቋቸው።»

«ጉም ሲሆን የቱን መብራት ነበር የሚያበራ?»

«ቢጫውን ነዋ! በጉም ፓውዛ የሚያበራማ ዕብድ ነው። ብርሃኑ ተመልሶ ራስዎን ነው የሚያሳውርዎ።»

እስከዳር ጥቁር ለብሳ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ወንድሟ ዓለምነህ አጠገቧ ሆኖ ለቀስተኛውን ያስተናግዳል፤ መዳፉ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ባልሽ ሰሞኑን የት የት ሄዶ ነበር?» አለቻት ይታየሽ በዝግታ።

«ዝቋላ። የተገጩት ሽማግሌ የክርስትና ልጁ አባት ናቸው፤ አርባቸው ነበር። ከዚያ ከመጣ ወዲህ እህል አልበላም። ‹የነሐሴዋ ኪዳነ ምሕረት ሳትደርስ ይናገራል፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ› ይላል ለብቻው። ማን ነው ብዬ ብጠይቀው ‹አትጠይቂኝ፣ ይቅርብሽ› አለኝ።»

ዓለምነህ ትሪ ይዞ ወጣ። ይታየሽ ተከትላው ወጣች።

«ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«ዝቋላ። መንገድ ላይ።»

«አንተም ሾፌር ነህና ልጠይቅህ። በጉም ነድተህ ታውቃለህ?»

«እኔ? የእኔ መንገድ አቧራና ፀሐይ ነው። ጉም የሚባል አልነዳሁበትም።»

«ታዲያ የይግዛው ጥፋት ነው ያልከው ከምን ተነሥተህ ነው? ቀብር ላይ መጀመሪያ ያወራኸው አንተ ነህ አሉኝ።»

«መብራቱ ቢሠራማ መንገዱን ያየው ነበር! ነጭ ግድግዳ ፊቱ ተገትሮበት፣ የፊት ጎማው የት እንዳለ እንኳ ሳያውቅ...» ንግግሩን አቋርጦ ትሪውን አስተካከለ።

«እጅህን ምን ሆንክ?»

«መቃብር ስቆፍር።»

መኪናው ውጭ ቆሟል። አናቱ ላይ ሁለት ፓውዛ አለ፤ አንደኛው አቧራ የጠጣ አሮጌ፣ አንደኛው አዲስ። የአሮጌው መስተዋት የማር እንጀራ መስመር አለው። ይታየሽ ኪሷ ውስጥ ያለውን መሐረብ ነካ አደረገችው። ድንኳን ውስጥ ያለችው ሴት ትዝ አለቻትና ምነው ይህን የምነግራት እኔ ባልሆንኩ አለች።

*

ሐሙስ ዕለት ሽማግሌዎቹ ከኪዳነ ምሕረት ቅጥር ውጭ፣ ከወይራው ሥር ተቀመጡ። አቶ ምንዋጋው ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው መሀል ናቸው፤ ልጆቻቸው ከኋላቸው ቆመዋል። ይግዛው በፖሊስ ታጅቦ መጥቶ መሬት መሬቱን ያያል። እስከዳር፣ ዓለምነህና ደግሰው በአንድ ወገን ተቀምጠዋል።

«ኢንስፔክተር፣ እንሰማሻለን» አሉ አቶ ምንዋጋው። «ግን ቶሎ በይ። የልጆቼ ደም ፈልቷል።»

«አባቴ፣ መጀመሪያ የይግዛውን ልጨርስ። መሪጌታ ያዩትን ይናገሩልን።»

መሪጌታ ተናገሩ። መብራቱ በደጃፉ ዝቅ ማለቱን፣ ፓውዛው አብሮ መጥፋቱን፣ መልሶ መብራቱን።

«ሰምታችኋል» አለች ይታየሽ። «ሽቦው እንደታሰረው ነው የሠራው። የቢጫውም ፊውዝ ይኸው፣ ደህና ነው። ቢጫው ያልበራው ተበላሽቶ አይደለም፣ ያበራው ስላልነበረ ነው። ይግዛው፣ ፊውዙን አጥብቀኸው ነበር።»

ይግዛው ሁለት እጆቹን ገልብጦ አያቸው።

«አሁን እናንተ ንገሩኝ። ደጅይጥኑ ለጉም ብሎ ቢጫ መብራት ያሳሰረ ሰው ነው። በጉም ፓውዛ ያበራል?»

«ሞቶ ነው!» አለ ደግሰው።

«አዎ፣ ሞቶ ነበር። ማጅራቱን ተመትቶ። ሲነዳ የነበረው ሌላ ሰው ነው። ከመታጠፊያው አቁሞ፣ ሬሳውን ወደ መሪው ስቦ፣ መኪናዋን ቁልቁል ለቀቃት። መሪጌታ ውዳሴ ማርያም ያጋመሱት ያን ጊዜ ነው። ያ ሰው ማነው? በደጃፏ መብራት ዝቅ አድርጓልና የዋግ ልጅ ነው። ጉም ሲመጣ እጁ ወደ ፓውዛው ሄዷልና የደጋ ሾፌር አይደለም። እስከዳር መኪና አትነዳም። ደግሰው እስኪመሽ ከገብስ ነጋዴዎቹ ጋር አምደወርቅ ነበር። ይግዛውማ የገዛ እጁን ሥራ ያውቃል፣ ቢጫውን ነበር የሚያበራ።»

ዓይኖች አንድ በአንድ ወደ ዓለምነህ ዞሩ።

«ጉም ነድቼ አላውቅም አልከኝ፣ ዓለምነህ። ነጭ ግድግዳ ፊቱ እንደሚገተርና የፊት ጎማ እንደሚጠፋ ግን ነገርከኝ። በቢጫ መብራት የሚነዳ ሰው ያን ግድግዳ አያየውም።» መሐረቡን ፈታች። «ይህ ስባሪ ዝቋላ፣ ሽማግሌው ከወደቁበት የተነሣ ነው። ደጅይጥኑ አርባቸው ላይ ከቤተሰቡ ተቀበለው። ካንተ አሮጌ ፓውዛ ጋር አንድ ነው። ደጅይጥኑ ቅዳሜ ያገኘህ ‹ራስህ ተናገር› ሊልህ ነበር።»

«ውሸት ነው!» ዓለምነህ ብድግ አለ። «ስባሪ መስተዋት የትም ሞልቷል። ማነው ያየኝ?»

«ማንም አላየህም» አለች ይታየሽ። «ስለዚህ ማል። በሩ ያው። ሬሳ አጠገብህ አስቀምጠህ፣ ጉም እያሳወረህ፣ እሷን አክብረህ መብራት ዝቅ ያደረግህ ሰው ነህ። አሁን ደጇ ላይ ቆመህ አልገደልኩም በል።»

ዓለምነህ ወደ በሩ ሄደ። ሦስት ወይም አራት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። መሪጌታ መስቀላቸውን ይዘው ጠበቁት። ዞሮ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ሽማግሌው በፓውዛው ተደናግጠው ነው መሀል የገቡብኝ» አለ መሬት ላይ ሆኖ። «ማጥፊያውን እስክፈልግ... ደጅይጥኑን ጥቂት ቀን ስጠኝ አልኩት። ‹ለሰው ነፍስ ቀጠሮ የለም› አለኝ። ወደ መኪናው ሲዞር የክሪኩ ብረት እጄ ላይ ነበር።»

ወንድማማቾቹ ወደፊት ተንቀሳቀሱ። አቶ ምንዋጋው ሳይዞሩ በኽምጣንኛ አንድ ቃል ተናገሩ፤ ባሉበት ቆሙ። «ለሕግ ሰጥቻለሁ» አሉ ከዚያ በአማርኛ። «ምራቴን ሁለት ጊዜ አላስለቅሳትም።»

እስከዳር አላለቀሰችም። ወንድሟ በካቴና ታስሮ በፊቷ ሲያልፍ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ሲያልፍ ገለጠችው። ከዚያ ተነሥታ ወደ ይግዛው ሄደች። የረገመቻቸውን ሁለት እጆቹን ይዛ ግንባሯ ላይ አደረገቻቸው። ይግዛው ቆሞ አለቀሰ።

ወደ ሰቆጣ ሲመለሱ ጉሙ እንደገና መንገዱ ላይ ተኝቷል። እንዳለው መብራት አበራ። ቅጥሩ በር ሲደርሱ ዝቅ አደረገው። ይታየሽ ወደ ኋላ ዞር ብላ አየች። ዓለምነህ በታሰሩ እጆቹ ለማማተብ እየሞከረ ነበር።