ያኑርሽ

አንብባችሁ «ፈጠራ ነው» ብትሉኝ አልቀየማችሁም። ፈጠራ ቢሆን ከማንም በላይ ደስ የሚለኝ እኔ ነበርኩ። ግን ሆኗል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ትልቋ ፀሐይ ዘንበል ብላለች፣ ትንሿ ገና አናታችን ላይ ነች። ቦታው የምሠራበት ፍራሽ ቤት ነው።

ፍራሽ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስናስነጥስ ነው የምንውለው። የጥጥ ብናኝ አፍንጫ አይምርም።

ስለዚህ አንድ ደንብ አለን። ያስነጠሰው ሰው መጀመሪያ «እኔ ነኝ» ይላል። «ይማርህ» የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው።

«እኔ ነኝ» ያለ ሰው ከሌለ... ማንም ትንፍሽ አይልም።

ምክንያቱ ባዘቴ ነው። ጥጥ ውስጥ የሚኖር አውሬ ነው ይላሉ። እንደ ሰው ያስነጥሳል። «ይማርህ» ያለውን ሰው ያኖረዋል።

እንዴት አድርጎ እንደሚያኖር አለቃችንን ስንጠይቃቸው፣ «ያየው ሰው አያወራ፣ እኔ በምን ልወቅ?» ይላሉ። እኛ ግን ጥርሱን እንደ መጋዝ፣ ጥፍሩን እንደ ማጭድ አድርገን ነበር የምናስበው።

የዚያን ቀን አዲስ ጆንያ ስፈታ፣ ጥጡ መሃል አንድ ነገር ዓይኑን ገለጠ።

እፍኝ የማይሞላ ነጭ እንስሳ። ጆሮው የጥንቸል፣ አፍንጫው ሮዝ። መዳፌ ላይ ወጥቶ ጥቅልል አለ። አንጀት ይበላል።

ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩት።

ለምን ደበቅከው ትሉኝ ይሆናል። ከመስኮቱ ወፍ ጋር ሳወራ ይዘውኝ፣ «ፈላስፋው» እያሉ ሲስቁብኝ ነው የሰነበቱት። ሥራውን ለምና ያስገባችኝ ታላቅ እህቴ ነች። ከፊቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ፍራሽ ትሰፋለች። በእኔ በተሳቀ ቁጥር አንገቷን የምትደፋው እሷ ነች።

ዝም ብዬ ጥጤን ማፍታታቴን ቀጠልኩ።

ትንሽ ቆይቶ ግን አንድ ነገር ደስ አላለኝም። እንስሳው ደረቴ ላይ ተለጥፎ ተኝቷል... ልቡ አይመታም።

ስተነፍስ ይተነፍሳል። ትንፋሼን ስይዝ... እሱም ይይዛል።

ቁልቁል አየሁት። ዓይኑን ሳይነቅል እያየኝ ነው። ሮዟ አፍንጫ ተንቀጠቀጠች።

አስነጠሰ።

የእኔ ማስነጠስ ነው። ቁርጥ የእኔ።

መርፌዎች ባሉበት ቆሙ።

እህቴ ሳትዞር በሹክሹክታ፣ «አንተ ነህ?» አለችኝ።

ሸሚዜን በእጄ ጨብጬ ያዝኩ።

«አንተ ልጅ... አንተ ነህ ወይ?»

«ቆይ እንጂ፣ ፈላስፋው ያስብበት» አለ ጨርቅ ቆራጩ። ሳቁ ከዳር ዳር ተቀጣጠለ። እህቴ አንገቷን ደፋች።

ፊቴ ጋለ። ልብ በሉልኝ... በዚያች ቅጽበት ምን እንደታቀፍኩ ገብቶኛል። ገብቶኛል። ሸሚዜን ገልጬ «እኔ አይደለሁም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን ከአውሬው ይልቅ ሳቃቸውን ፈራሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ይማርህ፣ ወንድምዓለም።»

ፈገግ ብላ ተነስታ ዞረች። ትከሻዬ ላይ ያረፈውን ጥጥ ልታራግፍልኝ እጇን ዘረጋች።

«ያኑርሽ።»

ድምፁ የእኔ ነው። የመጣው ከሸሚዜ ውስጥ ነው። እኔ አፌን አልከፈትኩም።

እጇ እንደተዘረጋ ቀረ።

ትተነፍሳለች። ገላዋ ይሞቃል። ዓይኗ ግን አይርገበገብም። ሁላችን ተጋግዘን ልናነሳት ሞከርን፣ ንቅንቅ አላለችም። ሸሚዜን ስፈትሽ ያገኘሁት የተበጠረ ጥጥ ብቻ ነው።

አለቃችን ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«እውነት ያስነጠስከው አንተ ነበርክ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

አዘኑልኝ። ሁሉም አዘነልኝ። ቆራጩ እንኳ አቅፎኝ አለቀሰ።

ይኸው እዚያው ቆማለች። ሰው ደግሞ የማይለምደው የለም። አንድ ቀን ቆራጩ ሳያስበው ኮቱን ክንዷ ላይ ሰቀለ። አየሁት። ምን አፍ አለኝና ልናገር?

እናቴ ማታ ማታ፣ «ዛሬስ ምን አለች?» ትለኛለች።

«ምንም» እላታለሁ።

ኮቱ በተሰቀለ ዕለት ሥራ ስንጨርስ ላነሳላት ተጠጋሁ። ጣቷ ወደ እኔ መቀመጫ ያመለክታል። መቀመጫዬን ወደ ግድግዳው ጥግ ወሰድኩ። በማግስቱ ጣቷ ወደ ጥጉ ነበር። ወደ በሩ ስዛወር... ወደ በሩ።

ዛሬ ቆረጥኩ። ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ አልኩ።

«እታለም... ያስነጠስኩት እኔ አልነበርኩም።»



ቀና ስል ጣቷ ማመልከቱን ትቷል። መዳፏ ወደ ታች ዞሯል። አራቱ ጣቶቿ ወደ ራሷ ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ... ታላቅ ታናሹን «ና» ሲል እንደሚያደርገው።

ተጠጋኋት።

አሁንም ትጠራለች።

አቀፍኳት። ደረቴ ደረቷ ላይ ተጣበቀ፣ ከዚህ በላይ መቅረቢያ የለም።

ከጀርባዬ ጣቶቿ ሲታጠፉ ይሰማኛል... ቀስ እያሉ... አሁንም «ና» ይላሉ።