ወፍጮ ለምን ዝም አለች

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከዋሸሁ ያለችኝን አንዲት ደህና ሱሪ ውሻ ይቦጭቃት። አስቀድሜ የምምለው ወድጄ አይደለም፤ መሐል ላይ ስትደርሱ «እዚች ጋ እንኳ ቀጥሎባታል» ማለታችሁ እንደማይቀር ስለማውቅ ነው።

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ በጫማ አዳሽና በፀጉር ቤት መካከል የተሸጎጠች፣ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚለካባት ጠባብ ክፍል ናት። አራት ዓመት ተኩል የሆናት ሴት ልጅ ነበረችው። አፏ ስለማያርፍ ሰፈሩ «ወፍጮ» ብሎ ሰይሟታል። እናቷ ዳቦ ቤት ስለምትሠራና ገና ሳይነጋ ስለምትወጣ፣ ወፍጮ የምትውለው ከአባቷ ጋር፣ ከስፌት መኪናው ጎን የቁራጭ ጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጣ ነው።

«አባዬ፣ ቁልፍ ለምን አራት ቀዳዳ አለው? ሁለት አይበቃውም?»

«አባዬ፣ ሰውዬው ወገቡን ስትለካው ለምን ትንፋሹን ያዘ?»

«አባዬ፣ የዝሆን ሱሪ ስንት ሜትር ይፈጃል?»

እንዲህ ስትል ትውላለች። አንድ ጎረቤት የሚናገር በቀቀን ገዝቶ ነበር። ሁለት ቀን ከወፍጮ ጋር ውሎ ሦስተኛው ቀን ላይ ወፉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣውም ይባላል። እኔ ወፉን አይቼዋለሁ። በእርግጥም ዝም ያለ ወፍ ነው።

መዋዕለ ሕፃናት የምትገባበት ቀን ሲቃረብ፣ ልብስ ሰፊው ዝግጅቱን ለማንም አልተወም። የደንብ ልብሷን ሊሰፋ ልጅቷን አሥራ አንድ ጊዜ ለካት። ኪሱን እጥፍ አደረገው፤ ገበሩን ከደንበኛ ኮት ከተረፈ ሐር ቆረጠላት፤ ጠርዙን በእጁ ለቀመው። ሙሉ ሦስት ሳምንት የቤቱ ወሬ ልብሱ ነበር። ልብሱ ውስጥ ስለምትገባው ልጅ ግን፣ «አድጋለች፣ ትገባለች» ከማለት በቀር ያሰበ ሰው አልነበረም።

ቀኑ ደረሰ። ወፍጮ የአባቷን እጅ ይዛ እየዘለለች፣ እየጠየቀች ሄደች። የግቢው በር ላይ ስትደርስ ግን ጥያቄዋ መሐል ላይ ተቆረጠ። ከንፈሯን እርስ በርሱ ገጠመችና ዝም አለች። አባት «ደነገጠች፣ ይለቃታል» አለና፣ ፊቷን ወደ መጫወቻው ዞር ስታደርግ ጠብቆ ሹልክ ብሎ ወጣ። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ስለሆነ ብልሃት መሰለው።

ከሰዓት ሊወስዳት ሲመጣ አስተማሪዋ፣ «ጸጥተኛ ልጅ አለችዎት» አለችው።

«የኔ ልጅ?» ብሎ ሳቀ። «ተሳስተሻል እህቴ፣ የሌላ ሰው ልጅ ይሆናል። የኔዋ ወፍጮ ናት።»

«ይህች የቆመችው አይደለችም?»

እሷው ነበረች። የሚገርመው፣ እግሯ ከበሩ እንደወጣ ያጠራቀመችውን ሁሉ ትዘረግፈው ጀመር። እዚያ ውስጥ ሠላሳ አንድ ልጅ እንዳለ፣ አንዱ አፍንጫውን በእጅጌው እንደሚጠርግ፣ አንዷ ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ እንዳደረገች፣ ሳትተነፍስ ነገረችው። ሁሉን አይታለች፤ ለአንድም ሰው ግን አልተናገረችም።

ሁለተኛው ቀን እንደዚያው። ሦስተኛውም። አራተኛው ቀን ላይ ሆዷን ይዛ እያለቀሰች ወጣች። እቤት ስትደርስ በቀጥታ ወደ ሽንት ቤት ሮጠች። በማግስቱ ሰውነቷ አተኮሰ። ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ያየቻቸው ነርስ ቀልደኛ አልነበረችም።

«ይህች ልጅ ቀኑን ሙሉ ሽንቷን ትይዛለች» አለች። «ይህ በሽታ ያመጣል። በዚሁ ከቀጠለች የምታመጧት ለትኩሳት ብቻ አይሆንም።»

አስተማሪዋም ያለችው ከዚህ የራቀ አልነበረም። «ልጆቹን ሽንት ቤት ስወስድ 'ሽንትሽ መጣ ወይ?' እላታለሁ፤ ራሷን ግራና ቀኝ ትነቀንቃለች። ተሸክሜ በግድ አላስገባት። ሕመሟ ሲሻላት አንድ ሳምንት እንሞክር፤ ካልሆነ ለጤናዋ ስንል ዘንድሮ ቤት ትቆይ።»

ልብስ ሰፊው ያን ቀን ሱሪ ሲሰፋ አንዱን እግር ከሌላው በአራት ጣት አሳጠረው። ልቡ እዚያ አልነበረም። ዓለምን ሁሉ ስትጠይቅ የምትውል ልጅ አንድ በር ስታልፍ ድዳ የምትሆነው ለምንድን ነው? የበሩ ቀለም ነው? ሽታው ነው? አንድ ሰው አንድ ነገር ብሏት መሆን አለበት አለና፣ እንደ መርማሪ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ተነሣ።

መጀመሪያ የያዘው ታላቅ እህቱን ነው። ከሰዓት ከሰዓት እየመጣች ቁልፍ ትተክልለታለች።

«እቴ፣ ልጅቱን ስለ ትምህርት ቤት ምን ብለሻታል?»

«እኔማ ምን አልኩ» አለች ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች። «ምሳዋን አልበላ ስትል፣ 'ቆይ፣ ቲቸርሽ የማይበላ ልጅ ጆንያ ውስጥ ነው የምትከተው' አልኳት። እንደ ማንኛውም ሰው።»

«ጆንያ?»

«እኛስ በዚያው አይደል ያደግነው? ምን ሆንን?»

«እኔ እስከ ዛሬ ጆንያ የተሸከመ ሰው ሳይ መንገድ እቀይራለሁ።»

«እሱ ያንተ ፈሪነት ነው» አለችና ሌላ ቁልፍ አነሣች።

ማታ ሚስቱ ክንዷ ላይ ዱቄት እንደነጣ ስትገባ እሷንም ጠየቃት። አሰበች። ከዚያ መቀመጫ ፈልጋ ተቀመጠች።

«ከመግባቷ በፊት ባለው ሳምንት ነው። ቸኩዬ ነበር፤ ሽንት ቤት ግቢ ብላት አልገባም አለችኝ። 'እዚያ ሽንቴ መጣ ማለት ክልክል ነው፣ ቲቸርሽ አትወድም፣ አሁን ልመጂ' አልኳት። ቶሎ እንድትጨርስልኝ ብዬ እኮ ነው።»

ሁለቱ ሴቶች ያሉትን ተናገሩ። ልብስ ሰፊው ግን ነገሩ አልሞላለትም። ጆንያው ስለ ምሳ ነው፤ ክልከላው ስለ ሽንት ነው። ዝምታው ከየት መጣ? ልቡ በውስጡ «እኔስ ንጹሕ ነኝ» እያለ ትንሽ ትንሽ እየኮራ፣ በማግስቱ ቁራጭ ጨርቁ ላይ ከልጁ ጎን ቁጢጥ አለ።

«የኔ እናት፣ እዚያ ለምን አታወሪም?»

ወፍጮ መልስ ከመስጠቷ በፊት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ትልቁን መቀስ አየች።

«ቲቸር መቀስ አላት።»

«አዎ፣ ለወረቀት ነው።»

«ትንሽ ናት» አለች፣ እንደ ባለሙያ እያስረዳችው። «ያንተ ትልቅ ነው፣ ጂንስ ይቆርጣል። የእሷ ጂንስ አይችልም። ለምላስ ግን ይበቃል።»

«ምላስ ትቆርጣለች ያለሽ ማነው?» ሲል ዓይኑ ወደ እህቱ ወንበር ሄዷል።

«አንተ።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ በመንገድ ላይ ቀረ፤ ትዝ አለውና። አንድ ቸኳይ ደንበኛ ኮት ሲለካ፣ እሱ አፉን በስፒል ሞልቶ ትከሻውን ሲያስተካክል፣ ልጅቱ ስለ ሰውዬው ጆሮ ፀጉር ስትጠይቅ ነበር። በስፒሎቹ መሐል፣ «ቆይ ግዴለም፣ ቲቸርሽ ይቺን ምላስሽን በመቀስ ቁርጥ ነው የምታደርግልሽ» ብሏት ነበር። ደንበኛው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ነገሩ እሱ ዘንድ ኮቱ ሳይተኮስ ተረሳ። እሷ ግን መቀስ ምን እንደሚያደርግ ከማንም ልጅ በላይ የምታውቅ ናት፤ ከተወለደች ጀምሮ ሲቆርጥ አይታዋለች።

አስተማሪዋ ዘንድ ሄዶ አንገቱን ደፍቶ ነገራት። አልተቆጣችም።

«ልጆች እኔን ከቤት ሠርተው ይዘውኝ ነው የሚመጡት» አለችው። «አንዱ ቤት መርፌ እወጋለሁ። አንዱ ቤት ጅራፍ አለኝ። እርስዎ ቤት ምላስ ቆራጭ ሆኛለሁ። ደመወዜ ግን ያው ነው።»

«እና ምን ላድርግ?»

«ዋሽቼሻለሁ ይበሏት።»

ይህ ለልብስ ሰፊው ያለ ልክ የተቆረጠ ልብስ ሆነበት። እህቱ ስትሰማ ደግሞ መርፌዋን አስቀመጠች። «አባት ለልጁ 'ዋሸሁ' ይላል? ዛሬ ይቅርታ ጠይቃት፣ ነገ አናትህ ላይ ወጥታ ታገኛታለህ።»

«ትውጣ» አለ። «ታማ አልጋ ላይ ከማገኛት አናቴ ላይ ባገኛት ይሻለኛል።»

ትኩሳቱ ለቋት ነበር። ልጁን ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ «ዋሽቼሽ ነበር። ቲቸር ምላስ አትቆርጥም። ሥራ በዝቶብኝ ዝም እንድትይልኝ ብዬ ነው» አላት። እናትም ተከትላ፣ ሽንቴ መጣ ማለት ክልክል እንዳልሆነ ነገረቻት። ወፍጮ ሁለቱንም በየተራ አየቻቸው።

«አሁን ደግሞ እየዋሻችሁ ቢሆንስ?»

እውነትን እንደ ቁልፍ ከኮቱ የበጠሰ ሰው፣ መልሶ ሲተክላት ክሩ ይታያል።

«ታዲያ በምን ታምኛለሽ?» አለ አባት በመጨረሻ።

አሰበች። «አንተ እዚያ ሂድና አውራ። ብዙ። ቲቸር መቀሷን ትያዝ። ከዚያ ምላስህን አየዋለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ያ የተከበረ፣ ባለ ቦርጭ ልብስ ሰፊ ክፍሉ መሐል ቀይ የሕፃን ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ ከአንድ ዳቦ ብዙም አይበልጥም። ጉልበቱ ጆሮው ጋ ደረሰ። አስተማሪዋ አጠገቡ ቆማ ወረቀት መቁረጥ ጀመረች፤ ቅሽ፣ ቅሽ። እሱም ማውራት ጀመረ። ስለ ኮሌታ አወራ፣ ስለ ገበር አወራ፣ ሲለኩ ትንፋሻቸውን ስለሚይዙ ሰዎች አወራ፣ የዝሆን ሱሪ አርባ ሜትር እንደሚፈጅ አወራ። ልጆቹ ሁሉ ዙሪያውን ከበቡት። መቀሱ ጆሮው ሥር ቅሽ ባለ ቁጥር፣ አልዋሽም፣ ትንሽ ትንሽ ይሰቀጥጠው ነበር። ልጁ አራት ቀን በዚህ ድምፅ ሥር እንዴት እንደተቀመጠች ያን ጊዜ ገባው።

ወፍጮ መጣች። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። በእጇ አፍህን ክፈት የሚል ምልክት ሰጠችው። ከፈተ። ምላሱን ከላይ አየችው፣ ከዚያ ጫፉን ይዛ እንደ ገበር ገልብጣ ከሥር አየችው። መቀሱን አየች። አስተማሪዋን አየች።

«ቲቸር» አለች በቀስታ። «ሽንቴ መጣ።»

አስተማሪዋ መቀሱን ጠረጴዛ ላይ አኖረችና እጇን ዘረጋችላት። «ነይ፣ ሄደን እንምጣ።»

ልብስ ሰፊው ዓይኑን በሜትሩ ጫፍ ጠረገ። ሊወጣ ሲነሣ ወንበሩ አብሮት ተነሣ። በሁለት እጁ ቢጎትት አልለቅ አለ፤ ልጆቹ እየሳቁ እስከ ግቢው በር ሸኙት። ከወዲያ ከሽንት ቤቱ በኩል ግን የሚያውቀው ድምፅ ይመጣ ነበር፦ «ቲቸር፣ ይሄ ውሃ ሲሄድ የት ነው የሚደርሰው? ማን ነው የሚቀበለው?»

ሹልክ ብሎ አልሄደም። ወንበሩን እንደለበሰ ቆሞ ጠበቃት። ስትመለስ «እኔ መሄዴ ነው፤ ከምሳ እንቅልፋችሁ ስትነቁ እመጣለሁ» አላት። «እሺ ሂድ» አለችው፤ ሌላ ሥራ ነበራት።

ዛሬ ያ ሰው የመዋዕለ ሕፃናት ልብስ ሊያሰፋ ለሚመጣ ወላጅ ሁሉ ሜትሩን ከመዘርጋቱ በፊት ምክሩን ይዘረጋል። «ልብሱ በእኔ ይሁን፣ ልጁ በእናንተ» ይላል። «ሳምንት ሲቀረው ወስዳችሁ ግቢውን አሳዩት፤ ሽንት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ አሳዩት፤ ሽንቴ መጣ ማለትን፣ ጫማውን ማድረግን ቤት አለማምዱት። ጥያቄ ሲጠይቅ መልሱለት፤ የማታውቁትን አላውቅም በሉት። ስትሄዱ ተሰናብታችሁት ሂዱ፣ በሰዓቱም ተመለሱ። አስተማሪዋን ግን አለንጋ አድርጋችሁ ቤት ውስጥ አትስቀሏት። ልጅ የነገራችሁትን ያምናልና።» እህቱም ይህን ሰምታ ተጸጸተች፤ ጆንያ የሚባል ነገር ዳግመኛ ከአፏ እንዳይወጣ በቁልፎቿ ሁሉ ማለች።

እንግዲህ ስለ ውሸት ይህን ያህል ካወራሁ፣ የራሴንም መናገር አለብኝ። አንዲት ነገር ከልቤ ፈጥሬ ጨምሬያለሁ። ወንበሩን እንዳትሉኝ፤ ወንበሩ እውነት ነው፣ የነቀለለት ጫማ አዳሹ ነው፣ ሄዳችሁ ጠይቁት። የፈጠርኩት የእህትየዋን ጸጸት ነው። አልተጸጸተችም። ትናንት እንኳ የጫማ አዳሹን ትንሽ ልጅ፣ «ቆይ፣ ቲቸርሽ ጆንያዋን ይዛ ትጠብቅሻለች» ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጅቱ የምትገባው በሚመጣው ወር ነው። ከእኔ ቀድማችሁ ካገኛችኋት፣ ቲቸሯ ጆንያ እንደሌላት ንገሩልኝ፤ እኔን እንደሆነ ስለማታምነኝ ነው።